የሙሀባ ላንድሮቨርና የቅሬው ሸራ

ሙሀባ ኢብራሂም እሺ ማለት አይሆንላትም ነበር። ስድ ሆና አይደለም። ያሳደጋት ሰው ሾፌር ስለነበረ ነው ባይ ነኝ። እናቷ አሊዩ አምባ ላይ ገና ልጅ ሳለች ስትሞትባት አባቷ ለዘመድ አሳልፎ አልሰጣትም፤ በጭነት መኪናው ጋቢና ይዟት ይዞር ጀመር። እኩዮቿ ሰፌድ ሲሰፉ እሷ አባቷ አጠገብ ቆማ ካቻቢቴና ፒንሳ ታቀብል ነበር። ሽቦ መቀጠሉንም፣ የተቃጠለ ፊውዝ መለወጡንም፣ የባትሪ ውኃ መጨመሩንም የለመደችው ያኔ ነው። መኪናው በረሃ ላይ ቀጥ ያለበት ሾፌር "እሺ፣ ምን ይደረጋል" ብሎ አይቀመጥም፤ ከተቀመጠ እዚያው ይቀራል። እሷም ቃሉን ሳትማረው አደገች።

እኔ ወይንሸት እባላለሁ። በዚያን ዘመን ሸዋ ሮቢት ላይ፣ መኪናዋ ከምታድርበት ግቢ ፊት ለፊት ሻይ ቤት ነበረኝ። የማወራው አብዛኛው ደጄ ላይ ሆኜ ያየሁት ነው። ያላየሁትን የነገረኝ ሾፌሩ ወልደማርያም ነው፤ እሱ ደግሞ ውሸት ለመፍጠር እንኳ የሚሰንፍ ሰው ስለሆነ እመኑት።

ሙሀባ የጤና ረዳት ሆና የተመደበችው ለቆላው ነው። የቆላ ጤና ቡድን ይባል ነበር። ቡድን ሲባል እንግዲህ ሙሀባ፣ ወልደማርያምና አንዲት አሮጌ ላንድሮቨር ማለት ነው። ከቆላ መንደሮች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ ተሸክሞ ከተማ ለማድረስ መንገዱ አይቻልም፤ ብዙዎቹ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ሁለቱ ወደዚያው ይወርዱና ከመንደር መንደር እየዞሩ፣ መኪናዋ ውስጥ እያደሩ፣ ያክማሉ፣ ያዋልዳሉ።

በሰባ ሦስት ሐምሌ ላይ ፈሪሃ የምትባል ወጣት ሴት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ አማጠች። ጨለማ ነበር። በጎጆዋ ውስጥ ያለው ብርሃን አንድ ኩራዝ ነው፤ እሱንም ነፋስ ያጠፋዋል። ወልደማርያም የመኪናዋን ፊት ወደ ጎጆው በር አዙሮ ትልቁን መብራት አበራላት። ለጊዜው ጥሩ ሆነ። ኋላ መብራቱ ቢጫ ሆነ፣ ከዚያ ቀላ፣ ከዚያ ጠፋ። ባትሪው አለቀ። ልጁ የመጣው በዚያ ጨለማ ውስጥ ነው። እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ ነበር፤ ሙሀባ በእጇ ዳብሳ እስክታገኘው ትንፋሹ አልነበረም። ፈሪሃ ደም እየፈሰሳት መኪናዋ አልነሳ አለች። የመንደሩ ወንዶች በአሸዋው ላይ ሲገፉ አነጉ። ፈሪሃ ተረፈች፤ ልጇ ግን እዚያው ተቀበረ።

ሙሀባ የተመለሰች ቀን ቤቴ ስትገባ ሻይ ቀዳሁላት፤ አልጠጣችውም።

"እትዬ ወይንሸት፣" አለችኝ፣ "ያንን ልጅ የገደለው አንድ ባትሪ ነው። ሁለት ቢሆን ኖሮ ይኖር ነበር።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ወሬ አልነበራትም። ለመኪናዋ ሁለተኛ ባትሪ፣ መብራት፣ የውኃ በርሜል፣ መኝታና ጥላ ይደረግላት ብላ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተመላለሰች። ሁሉም ጋ መልሱ አንድ ነበር፤ በዕቅድ አልተያዘም። እሷ ደግሞ በየቢሮው "የፈሪሃ ምጥም በዕቅድ አልተያዘም ነበር" እያለች ትወጣለች። ይህን እንድትተው ስመክራት፣ "እነሱ ይተዉት" አለችኝ።

አንድ እሑድ የቅሬ ስብሰባ ላይ ከች አለች። በእኛ አገር ቅሬ ያልገባ ሰው የለም። የእኛ ሰፈር ቅሬ ሙስሊሙንም ክርስቲያኑንም አንድ ላይ ይዟል፤ ሰው ሲሞት መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፣ ለቀስተኛ ያስተናግዳል። የቅሬው ድንኳን ከተተከለ ጥሩምባ ባይነፋም፣ ማን እንደሞተ ባይታወቅም፣ ያየ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ይመጣል። መቅረት ነውር ነው፤ ነገ የእሱን ሬሳ የሚያነሳለት አያገኝም። የቅሬው ዳኛ ጋሼ ሷሊሕ ነበሩ፤ ቀጭን፣ ረዥም፣ ከድምፃቸው ይልቅ ዝምታቸው የሚያስፈራ ሽማግሌ።

"ልጄ፣" አሏት ነገሯን ከሰሙ በኋላ፣ "ቅሬ ለሞተ ነው እንጂ ለመኪና አይደለም።"

"የሞተውማ ሞቷል፣ ጋሼ። ምን ይጎድልበታል?" አለች ሙሀባ። "በየክረምቱ ከቆላ በቃሬዛ እየመጣች የምትቀብሯት ሴት የማን ናት? እኔ እኮ የምለምናችሁ ሥራ እንድቀንስላችሁ ነው።"

ወንዶቹ ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ መሬት መሬቱን ማየት ጀመሩ። የጋሼ ሷሊሕ ልጅ ከማጀቴ በታች ካለ መንደር ተድራ በወሊድ እንደሞተች ሁላችንም እናውቃለን። ሙሀባም ታውቃለች፤ አውቃም ነው የተናገረችው። ጨካኝ ናት ብዬ ተናድጄባት ነበር። ጋሼ ሷሊሕ ግን ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና "ያለው ያለውን ያምጣ" አሉ።

ያለው ያለውን አመጣ። የወፍጮ ቤቷ ሴትዮ ከቆመ ትራክተር የወጣ ትልቅ ባትሪ ሰጠች። በያጁ ከቧንቧና ከብረት ቁርጥራጭ ለመኪናዋ ጣሪያ የዕቃ መጫኛ ፖርቶ መጋላ በየደ። እኔ የውኃ በርሜሌን ሰጠሁ፤ እሱ ከሄደ ወዲህ ከቧንቧ ስቀዳ ወገቤ ተቆረጠ፣ አንድም ቀን ግን አልቆጨኝም። ቅሬው ራሱ አሮጌውን ቃሬዛ ሰጠ። ሙሀባ እግሮቹን አስቆርጣ በማጠፊያ ከመኪናው ጎን አሰረችውና ማታ የሚዘረጋ፣ ቀን የሚታጠፍ መኝታ አደረገችው።

"እኔ ስንት ሬሳ የተሸከመ ነገር ላይ አልተኛም" አለ ወልደማርያም።

"አንተ መሬት ላይ ትተኛለህ። እኔ እተኛበታለሁ" አለችው።

ያንን ሰሞን ሥራዬን ሁሉ ትቼ ደጄ ላይ ተቀምጬ ሳያት እውል ነበር። ሁለተኛውን ባትሪ በእንጨት ሣጥን አድርጋ ከሾፌሩ መቀመጫ ኋላ አሰረችው። በሁለቱ መካከል እንደ ቢላ ወደ ታች የሚወርድ መለያ ገጠመች። ሞተሩ ሲሠራ መለያው ይወርድና ሁለቱም ይሞላሉ፤ ሞተሩ ሲጠፋ መለያውን ታነሳዋለች። ያን ጊዜ አንደኛው ለመብራት ይሆናል፣ ሌላው መኪናዋን ለማስነሳት ብቻ ይቀመጣል፤ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ ቢበራም ጠዋት መኪናዋ ትነሳለች። መጀመሪያ በቀጭን የቤት ሽቦ ሞክራው ነበር። ሽቦው ጤሰ፣ ወልደማርያም እየጮኸ ሸሸ፣ እሷ በባዶ እጇ ጎትታ በጠሰችው። መዳፏ ተልጦ በማግስቱ በወፍራም ገመድ እንደገና ጀመረችው፤ ከባትሪው ሥር ፊውዝ አስገባችለት። "ሽቦው ሰደበኝ" አለችኝ እጇን እየጠቀለልኩላት። "ሲሰድቡኝ ደግሞ አልወድም።"

መብራቱን ከረዥም ገመድ ጋር አገናኘችው፤ መኪናዋ ደጅ ቆማ አምፖሉ ጎጆ ውስጥ ምሰሶ ላይ እንዲሰቀል። አምፖሉ እንዳይሰበር ከወተት ቆርቆሮ መከለያ ሠራችለት። በርሜሉን ፖርቶ መጋላው ላይ አስተኝታ ቧንቧ አወጣችለት፤ የሮቢት ፀሐይ እስከ ቀትር ውኃውን ለብ ስለሚያደርገው ሕፃን ለማጠብ እሳት ማንደድ ቀረ። የክትባቱን ሣጥን በጭድ ደልድላ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ነፋስ ከሚያገኘው ጎን ሰቀለችው። የግራር እሾህ ጎማ ሲበሳባቸው ይውል ስለነበር ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ በጎማውና በውስጡ ባለው ካለማዳሪያ መካከል አስገባች። ወልደማርያም ዙሪያዋን እየዞረ "መኪና ናት ወይስ ሙሽራ?" ይላል። ማታ ማታ ግን በጨርቅ ሲወለውላት አይቼዋለሁ።

የቀረው ጥላ ነበር። ሸራ በዚያ ዘመን በገበያ አይገኝም። ቅሬው ሁለት ድንኳን ነበረው፤ አዲሱና አሮጌው። አሮጌው አረንጓዴ ሸራ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ጨርቅ ጥምዝ አድርጌ የሰፋሁለት እኔ ነኝ፤ በከተማው ያለ ሰው ሁሉ ከሩቅ ያውቀዋል። ጋሼ ሷሊሕ እሱን ሲሰጧት ሁላችንም ፊት አስጠነቀቋት።

"ሸራው የቅሬው ነው። ቆላ ላይ ለወላድ ዘርጊው፣ አላህ ይፈቅድልሻል። ከተማው ውስጥ ግን ለለቅሶ ካልሆነ አይዘረጋም። ከተዘረጋ ቅሬው ይመጣል።"

"እሺ" አለች። እሺ ስትል የሰማኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

ሸራው ከፖርቶ መጋላው ጎን ካለ ቧንቧ ጋር በቡሎን ታስሮ እንደ ምንጣፍ ተጠቀለለ፤ ሲፈለግ ወደ ታች ይፈታና በአራት ካስማ ይወጠራል። እንዲያ ሆና ላንድሮቨሯ ዓመቱን ሙሉ ቆላ ለቆላ ሠራች። በዚያ መብራት ሥር የተወለዱ ልጆች ዛሬ ጎልማሶች ናቸው። ፈሪሃም እንደገና አረገዘች። ፈርታ ነበር፤ ባሏን ልካ ጠየቀች። ሙሀባ "መስከረም ላይ ምጥ ሲይዝሽ መብራቱ ምሰሶሽ ላይ ይሆናል፣ ወላሂ" ብላ ቃል ላከችላት።

በሰባ አራት ጳጉሜን ላይ ጓድ ሽፈራው መጣ። የአብዮት በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ ነበር፤ ከሌላ አገር ተሹሞ ከመጣ ዓመትም አልሞላው። ቅሬ ግባ ሲባል "ኋላ ቀር ልማድ ነው" ያለ ሰው ነው። መኪናዋን ዞሮ ዞሮ አያት፤ ባትሪዋን፣ መብራቷን፣ ጥላዋን። ከዚያ ለድምፅ ማጉያና ለክብር እንግዶች ትፈለጋለች፣ እስከ በዓሉ ማግስት ቁልፏን አስረክቢ አላት።

"ጓድ ሽፈራው፣ ይህች የወላድ መኪና ናት፤ ምጧ የደረሰ ሴት አለችኝ። ሌላ መኪና ይፈልጉ" አለችው።

"መኪናዋ የመንግሥት ንብረት ናት።"

"መኪናዋማ ናት። ባትሪው የቅሬው ነው፣ በርሜሉ የእትዬ ወይንሸት ነው። ፈትቼ መኪናዎን ልስጥዎት" ብላ መፍቻ አነሳች።

"አንድ ቡሎን ብትነኪ ፀረ አብዮት ነሽ። ከነገ ጀምሮ የት እንደምትውይ ታውቂያለሽ።"

በዚያ ዘመን ያ ቃል ሰው ይበላ ነበር። እሷ ግን መፍቻውን ከእጇ አልጣለችም፤ የጣለችው አንቱታዋን ነው።

"አንተ ንዳት እንግዲህ" አለችው። "ፈሪሃ አንድ ነገር ብትሆን ግን ቤትህ ድረስ እመጣለሁ። በዓል ይሁን ጾም ግድ የለኝም።"

ጠቡን ሰምተው የመጡት ጋሼ ሷሊሕም ከዘራቸውን ወደ ሸራው ቀስረው፣ "ጓድ፣ መኪናዋን ከወሰድክ ሸራዋን ከተማ ውስጥ አትዘርጋት። ከተዘረጋች ቅሬው ይመጣል" አሉት።

"ይምጣ!" አለ እየሳቀ። "እኔ ሕዝብ እንዲመጣ አይደለም እንዴ የምደክመው?"

መስከረም ሁለት ጠዋት የፈሪሃ ባል በእግሩ ከቆላ ደረሰ። ምጡ ሌሊት ጀምሯታል። ሙሀባ ነጠላዋን እንደያዘች ወደ አደባባዩ ሮጠች፤ እኔም ተከተልኳት። መኪናዋ መድረኩ አጠገብ ቆማለች፣ ድምፅ ማጉያው ከቅሬው ባትሪ ላይ ተቀጥሎ ይጮኻል። ወልደማርያም መሪው ላይ ፊቱን አኮማትሮ ተቀምጧል፤ አንድ ጠመንጃ የያዘ ሰው በሩ ላይ ቆሟል። ሙሀባ ሽፈራውን ከመድረኩ ሥር ያዘችው።

"አምጣ መኪናዬን። ሴትዮዋ አምጣለች።"

"ከበዓሉ በኋላ።"

"ምጥ በዓል ያከብራል?"

"ሰልፍሽ ውስጥ ግቢ" አለና ጀርባውን ሰጣት። ስትመለስ ከንፈሯ ነጭ ነበር። ልጄ ብትሆን እንደዚያ አላዝንላትም። የፈሪሃ ባል ከአጠገባችን ቆሞ ከንፈሩን ያነቃንቃል፤ ዱዓ ነው። ሙሀባ ሰልፉ ውስጥ አልገባችም፤ መኪናዋን እያየች እዚያው ቀረች።

ከአውራጃ የመጡት እንግዶች መድረኩ ላይ ወጡ። የመስከረም ፀሐይ ሮቢት ላይ ሲወጣ አናት ይበሳል። ትልቁ እንግዳ መሐረብ አውጥተው አንገታቸውን ይጠርጉ ጀመር። ሽፈራው ይህንን አየና ወደ ወልደማርያም ሄደ።

"ጥላውን ዘርጋ።"

"ሸራውን?" አለ ወልደማርያም።

"ሸራውን!"

"ልዘርጋው?"

"ዘርጋ አልኩህ እኮ! ደንቆሮ ነህ?"

"አይ፣ በኋላ አልሰማሁም እንዳይባል ነው" አለና ወረደ። ወልደማርያምን አውቀዋለሁ፤ በሕይወቱ እንደዚያን ቀን ተጠንቅቆ ሥራ ሠርቶ አያውቅም። ገመዱን አንድ በአንድ ፈታ። ካስማውን አንድ በአንድ መታ። ጥቁሩ ጥምዝ በእንግዶቹ ራስ ላይ ወጥ ሆኖ ተዘረጋ።

መጀመሪያ ያየችው ከሰልፉ ፊት ያለች አሮጊት ናት። ጭብጨባዋን አቋርጣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለበሰች። ከጎኗ ያለችው አየቻትና እሷም አዘቀዘቀች። ባንዲራ የያዘው ሰው ባንዲራውን ለሌላ አቀብሎ መሬት ተቀመጠ። ሱቅ ያለው ሱቁን ዘግቶ መጣ፤ ከማሳ ላይ ያለው ማጭዱን እንደያዘ መጣ። "ማን ነው? ማን ነው የሞተው?" ሲባባል ይሰማል፤ የሚመልስ ግን የለም። ከበሮው ቆመ። ድምፅ ማጉያው ብቻውን ሲፎክር ቆየና ንግግሩን የሚያነበው ሰው ራሱ የእኛ ቅሬ ልጅ ስለነበረ እሱም ዝም አለ። ማንም ይህን አላሰበውም ነበር፤ ሙሀባ እንኳ አላሰበችውም። ሸራው ተዘረጋ፣ እኛም መጣን፤ ሌላ ነገር አናውቅም።

ጋሼ ሷሊሕ ሕዝቡን ሰንጥቀው መጡና ከመድረኩ ፊት፣ በሸራው ጥላ ዳር፣ መሬት ላይ ተቀመጡ።

ትልቁ እንግዳ ጎንበስ ብለው ጠየቋቸው። "አባት፣ ምን ሆናችሁ ነው? ማን ሞተ?"

"እኛም እሱን ልንጠይቅ ነው የመጣነው፣ ጌታው" አሉ ጋሼ ሷሊሕ። "ይህ የለቅሶ ድንኳን ነው። ከተተከለ የሞተ ሰው አለ። ሥሩ ያየነው ደግሞ እናንተን ብቻ ነው።"

እንግዳው ወደ ላይ፣ ወደ ጥቁሩ ጥምዝ አዩ። ከዚያ ተነስተው ፀሐይ ላይ ወጡ። ሌሎቹም እግር በእግር ተከተሏቸው፤ አንዱ ወንበር ገልብጦ ነው የወጣው። ሽፈራው ላቡ እየወረደ "አንሱት! አሁኑኑ አንሱት!" ይላል።

"ቅሬው የተከለውን ቅሬው ነው የሚያነሳው" አሉ ጋሼ ሷሊሕ ሳይንቀሳቀሱ።

ጠመንጃ የያዘው ሰው ጋሼ ሷሊሕን አየ፣ ሽፈራውን አየ። እሱም የሚቀበረው እዚሁ ነው። ነጠላ ስላልነበረው ቆቡን አወለቀ።

"ጓድ ሽፈራው፣" አሉ እንግዳው ቀስ ብለው፣ "ይህን ነገር ከነመኪናው ከፊቴ አንሳልኝ።"

ሙሀባ ይህን ሰምታ አልጠበቀችም። ካስማዎቹን ራሷ ነቀለች፤ ጋሼ ሷሊሕ ራሳቸውን ነቅንቀው ፈቀዱላት። የድምፅ ማጉያውን ሽቦ በፒንሳ ቆርጣ ሽፈራው እግር ሥር ጣለችው።

"የት ልትወስጃት ነው?" አላት።

"ሰው ወዳልሞተበት" አለችውና ገባች።

አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ይህን ለመሰወር አልሞክርም።

ቀሪውን የነገረኝ ወልደማርያም ነው። ድምፅ ማጉያው ሁለተኛውን ባትሪ ሲጠጣው ስለዋለ ሙሀባ መለያውን ወደ ታች አድርጋ፣ "አታጥፋው፣ ሞተሩን አታሳርፈው፣ መንገዱ ይሞላዋል" ስትለው ሄደች። የመኪናው መንገድ ከእግሩ ስለሚዞር ፈሪሃ ጎጆ ሲደርሱ ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። ሸራውን ዘረጉ፣ አምፖሉን ምሰሶው ላይ ሰቀሉ። ሲያበሩት ቢጫ ሆነ። ወልደማርያም ያ ሌሊት ተመልሶ መጣ አልኩ ይላል። "ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጅ ስጠው!" ብላ ከውስጥ ጮኸችበት። ሰጠው። መብራቱ ነጣ። የዚህኛውም ልጅ አንገት ላይ እትብት ነበር። አሁን ግን አየችው። ፈታችው። ልጁ አለቀሰ፣ ወልደማርያም ደግሞ መሪው ላይ ተደፍቶ አለቀሰ፤ ይህን እንዳልናገርበት ለምኖኛል።

ሽፈራው አልረሳም። እንግዶቹ ሄደው ነገሩ የበረደ ሲመስል፣ ኅዳር ላይ፣ ሙሀባን አስጠርቶ ሕዝብ አሳድመሻል ብሎ በቀበሌው አዳራሽ ጓዳ ቆለፈባት። ወሬው ሲደርሰኝ ማሰሮዬን እሳት ላይ ትቼ ወጣሁ። ጋሼ ሷሊሕ ቀድመውኝ ነበር። ወልደማርያም ላንድሮቨሯን አዳራሹ በር ላይ አቆማት፤ ሸራውን ዘረጋ። በዚህኛው ቀን ማንንም አልጠየቀም።

ከተማው መጥቶ ተቀመጠ። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም፣ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ቃል ሳይናገር። ሽፈራው ብቅ አለ።

"ደግሞ ማን ሞተ?"

"እስካሁን ማንም" አሉ ጋሼ ሷሊሕ። "ሙሀባ በደኅና ከወጣች እንነሳለን። ካልወጣች ለቅሶው የማን እንደሆነ አንተ ትነግረናለህ። እኛ እንጠብቃለን።"

በሩን ዘግቶ ገባ። እኛም ጠበቅን። ፈርተን ነበር፣ ለምን እዋሻለሁ። የተነሳ ግን አልነበረም። ቀትር ላይ ፈሪሃ የአርባ ቀኗን ጨርሳ፣ ልጇን ለሙሀባ ልታሳይ ታቅፋ፣ ከባሏ ጋር ከቆላ መጣች። ሸራው ሥር፣ ከጎኔ ተቀመጠች። በዚያ ሁሉ ዝምታ መሐል ልጁ ራበውና እሪ አለ።

ከአዳራሹ ጓዳ፣ በትንሿ መስኮት በኩል፣ ድምፅ መጣ።

"ፈሪሃ! አጥቢው እንጂ! ምን ትጠብቂያለሽ?"

መጀመሪያ የሳቀችው አንዲት አሮጊት ናት። ከዚያ ሁሉም ሳቀ። በር ላይ ያለው ጠባቂ ሳቁን መያዝ አቅቶት ዞረ። በለቅሶ ድንኳን ሥር ሰው ሲስቅ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጋሼ ሷሊሕ ራሳቸው በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። ሽፈራው በመስኮቱ ሲያየን አየሁት። ጠመንጃ የሚፈራ ሕዝብ ያውቃል፤ የሚስቅበት ሕዝብ ግን አላየም ነበር መሰለኝ። ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ በሩን አስከፈተ።

ሙሀባ ወጣች። አላመሰገነችንም። ቀጥ ብላ ወደ መኪናዋ ሄዳ ከመቀመጫው ኋላ ያለውን ሣጥን ከፍታ አጎንብሳ አየች።

"የባትሪው ውኃ ጎድሏል። እኔ ስታሰር የሚያይ ሰው የለም እንዴ?"

"አለ፣ አለ፣ ኧረ አለ" አለ ወልደማርያም ውኃ ይዞ እየሮጠ።

ጋሼ ሷሊሕ ከዘራቸውን መሬት ላይ ሁለቴ መቱና ቅሬው ድንኳኑን አነሳ። ፈሪሃ ልጇን አስታቅፋኝ ሸራውን ሲጠቀልሉ አገዘች። ልጁ ጠግቦ ተኝቶ ነበር። በዚያ ሸራ ሥር ብዙ ለቅሶ ተቀምጫለሁ፤ ባዶ እጄን ሳልሆን የተነሳሁት ያን ቀን ብቻ ነው።